ከጥይት በፊት ጥርስ፦ ተጠባባቂ ወታደር ባሕር ማዶ ከመሄዱ በፊት

አንድ ማታ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ደወለ። እንደ ወትሮው ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ አልጠየቀኝም። «የእማዬ የቤት ቁጥር ስንት ነው? ቀበሌውስ አሁን ምን ተብሎ ነው የሚጠራው?» አለኝ። እስኪርቢቶ ይዞ እንደሚጠብቅ ያስታውቃል።

«ዕቃ ልትልክላቸው ነው?» አልኩት።

«አይ፣ ፎርም እየሞላሁ ነው።»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ አፈረጠው። ለግዳጅ ተጠርቷል። ፎርሙ አንድ ነገር ቢደርስበት ለማን እንደሚነገር የሚጻፍበት ነው። የሚስት፣ የልጆች፣ የአባትና የእናት ስም ከነአድራሻው ይሞላል። ታች ላይ አንዲት ሳጥን አለች። በጤናው ምክንያት በቀጥታ ሊነገረው የማይገባ ሰው ካለ፣ በእሱ ፈንታ ለማን ይነገር? ትላለች። አክስቴ ደም ግፊት አለባቸው። «በእማዬ ፈንታ አንተን ነው የጻፍኩት» አለኝ።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ይታወቃል። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሊነጋጋ ሲል በር ይንኳኳል። የአሜሪካ ጦር ይህንኑ ጉዳይ በፎርም እንደሚያዘጋጅ ግን አላውቅም ነበር። ከዚያ ማታ ጀምሮ ልጁን ያልጠየቅኩት ነገር የለም። አሁን በሰላም ተመልሶ ሥራው ላይ ነው። ስለዚህ የሰማሁትንና ያነበብኩትን ልጻፍ። ዲቪ ደርሶት ሄዶ እዚያ ጦር የገባ ልጅ ያለው ቤተሰብ በኛ ሰፈር ብቻ አይደለምና።

የመጀመሪያዋ ጥያቄ የአክስቴ ናት። ልጃቸው «ቴክሳስ ገብቻለሁ» ብሎ ሲደውል ግራ ገባቸው። «አንተ ልጅ፣ ጦርነቱ ቴክሳስ ነው እንዴ?» አሉኝ።

አይደለም። ቴክሳስ ዝግጅቱ ነው። ዝግጅቱ ለምን ያን ያህል እንደሚረዝም ለመረዳት ግን ልጁ ምን ዓይነት ወታደር እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል።

ሹፌርም ወታደርም

ልጁ በሥራ ቀን የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ወታደርነቱ በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ ነው፤ በዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት። ተጠባባቂ ወይም ሪዘርቭ የሚባለው ይህ ነው። መጀመሪያ ሲገባ እንደማንኛውም ወታደር አሥር ሳምንት መሠረታዊ ሥልጠና ወስዷል። ከዚያ ሙያውን ተማረና ወደ ቤቱ ተመለሰ። ክፍያው ደስ የሚል ሂሳብ አለው። አንዱ የልምምድ ቀን እንደ ሁለት ስለሚቆጠር፣ የአንድ ቅዳሜና እሁድ ሥራ የአራት ቀን ደመወዝ ያስገኛል።

ቀኖቹን ደምሯቸው። 24 ቀን ከቅዳሜና እሁዶቹ፣ 14 ወይም 15 ቀን ከዓመታዊው ልምምድ። 39 ቀን ገደማ ነው። በቀሩት 326 ቀናት ሰውየው ሹፌር ነው፤ አባት ነው፤ የእድር አባል ነው።

ተጠባባቂው ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰው ሁሉ ያደባልቀዋል። የጦር ሠራዊቱ ሪዘርቭ የፌዴራሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 በሐኪሞች ነው የተጀመረው። ናሽናል ጋርድ ደግሞ የየክፍለ ግዛቱ ነው። ልደቱን ከ1636 ይቆጥራል፣ ከአገሪቱ ይበልጣል ማለት ነው። በደህናው ጊዜ አዛዡ የክፍለ ግዛቱ ገዥ ነው። ጎርፍ ሲመጣ አሸዋ በጆንያ የሚከምሩት እነሱ ናቸው። ፕሬዚዳንቱ ሲጠራቸው ግን እንደማንኛውም ጦር ባሕር ይሻገራሉ። ሁለቱም ዘንድ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ዜጋ ሳይሆን መግባት ይችላል። ምሥጢር የሚያዝበት ሥራ ግን ዜግነት ይጠይቃል።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ነው። የሙሉ ጊዜ ወታደር ኑሮው ቀድሞውኑ በጦሩ ዙሪያ ተደራጅቷል። ሐኪሙ፣ ቤቱ፣ አለቃው ሁሉ እዚያው ነው። ተጠባባቂው ግን የመኪና ብድር አለበት፤ የቤት ኪራይ ውል ፈርሟል፤ ሌላ አለቃ አለው፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው። ከዚህ ሁሉ ነቅሎ ማውጣት ተኩስ ከማስተማር የበለጠ ጊዜ ይበላል። እኔ በፊልም የማውቀው ዝግጅት ሩጫና ጭቃ ነበር። የልጁን ስልኮች መለስ ብዬ ሳስባቸው ግማሹ ወሬ ስለ ወረቀት ነው፣ ሩቡ ስለ ጥርስ።

ክተት ማለት ቦታና ቀን ነው

ለሸዋ ሰው ነገሩ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የአጼ ምኒልክ የክተት አዋጅ ሲነገር፣ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት አጋማሽ ወረኢሉ ላይ እንዲከት ነው የታዘዘው። ቦታና ቀን። በመሀል ያለው ጊዜ የየቤቱ ነው። በሶው ይበሶሳል፣ ቆሎው ይቆላል፣ ድርቆሹ ይደርቃል፣ እርሻውን ማን እንደሚይዘው ይወሰናል።

የአሜሪካው ትእዛዝም ሥሪቱ ተመሳሳይ ነው። በዚህ ቀን፣ እዚህ ቦታ፣ ለዚህን ያህል ጊዜ፣ በዚህ ሕግ ይላል። ሕጉ ላይ ልብ በሉ፤ የቆይታው ጣሪያ የሚታወቀው ከእሱ ነው። ፕሬዚዳንቱ ብሔራዊ የአስቸኳይ ጊዜ ካወጀ፣ እስከ አንድ ሚሊዮን ተጠባባቂ ያለ ፈቃዱ እስከ 24 ወር ሊጠራ ይችላል። አዋጅ ሳይኖር በሌላ አንቀጽ እስከ 200 ሺህ ሰው እስከ 365 ቀን ይጠራል። በራሱ ፈቃድ የሚሄድም አለ። ልጃችሁ ተጠራሁ ካለ «በየትኛው አንቀጽ?» ብላችሁ ብትጠይቁት ይደነግጣል። ጥያቄው ግን ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ቴክሳስ እንመለስ። በኢራቅ ጦርነት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ የተጠባባቂ ክፍል ይጠራና አሜሪካ ውስጥ ወራት ይሠለጥናል። ከዚያ ኢራቅ ላይ ዓመት ይቆያል። ሲደመር እስከ 18 ወር ይደርስ ነበር። አሠሪዎች አጉረመረሙ፣ ሚስቶች አለቀሱ። እ.ኤ.አ. በጥር 2007 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ጌትስ ያለ ፈቃዱ የሚጠራ ተጠባባቂ በአንድ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ እንዳይቆይ ወሰኑ።

ጥሩ ውሳኔ ይመስላል፤ ነውም። ግን አዛዦቹን አጣደፋቸው። የሥልጠናው ጊዜ ከዚያው ዓመት ላይ የሚቆረጥ ሆነ። ሁለት ወር ቴክሳስ ላይ ካለፈ ባሕር ማዶ የሚቀረው አሥር ወር ነው። ስለዚህ የሚቻለው ሁሉ ወደ ፊት ተገፋ። ክትባቱ፣ ጥርሱ፣ ወረቀቱ፣ የተኩስ ፈተናው ገና ሰውየው አውቶቡስ እየነዳ ሳለ በእነዚያ ቅዳሜና እሁዶች እንዲያልቅ ተደረገ። አክስቴ «ለካ ዓመት ሙሉ ሲዘጋጅ ኖሯል፣ ለእኔ ሳይነግረኝ» ብለው የተቀየሙት ለዚህ ነው። እውነት ነው፣ ሲዘጋጅ ኖሯል።

ጥርስ፣ አባ ሰንጋና ሌሎችም

መሥሪያ ቤት ለቆ የሚያውቅ ሰው ክሊራንስ ያውቃል። ከክፍል ክፍል እየዞሩ ማስፈረም። የጦሩም እንዲሁ ነው። ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል። እዚህ ሐኪም፣ እዚያ የሕግ ሰው፣ ወዲያ ደመወዝ ከፋይ። ወታደሩ ዝርዝሩን ይዞ ይዞራል። አንዷ ቦታ ላይ ካልተፈረመለት አይሄድም።

ብዙውን ሰው የምታስቀረው ጥርስ መሆኗን ስሰማ ሳቅኩ። ልጁ አልሳቀም። ጥርስ በአራት ደረጃ ይመደባል። አንደኛው ጤነኛ ነው። ሁለተኛው ሕክምና ይፈልጋል፣ ግን ዓመት ይታገሣል። ሦስተኛው በዓመት ውስጥ አደጋ ያመጣል ተብሎ የሚፈራው ነው። አራተኛው ዓመት ሙሉ ያልታየው፣ ስለዚህ የማይታወቀው ነው። ሦስተኛና አራተኛ ከሆንክ መሄድ የለም። ልጁ ሦስተኛ ሆነ። በስተኋላ ያለች አንዲት ክፉ መንጋጋ ነበረችው። አክስቴ ሲሰሙ «እዚህ ሳለም ያቺው ጥርስ ነበረች፤ ቅርንፉድ ነበር የማደርግለት» አሉ።

ይህን ያህል ጥብቅነት ለምን? ቤቱ ሆኖ ጥርሱን ያመመው ሰው ሌሊቱን ተገላብጦ ጠዋት ክሊኒክ ይሄዳል። በረሃ ላይ ያለ ወታደር ግን ፊቱ ካበጠ ሥራውን ሌላ ሰው ይይዝለታል፣ ሐኪም ዘንድ የሚያደርሰው መኪና ወይም ሄሊኮፕተር ይፈለጋል። ለአጀቡ ደግሞ ሌሎች ይነሣሉ። ቅርንፉድ የማይፈታው ነገር ነው።

ክትባቱ ሌላ ወሬ ነው። ወደ አንዳንድ አካባቢዎች ለሚሄዱ የአባ ሰንጋ ክትባት አለ። አክስቴ «እሱ የከብት አይደለም እንዴ?» አሉ። የከብት ነው። መንዝ ውስጥ በአባ ሰንጋ የሞተ በሬ ሥጋ እንደማይነካ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ተህዋሱ በብናኝ መልክ ተሰናድቶ መሣሪያ ሊሆን ስለሚችል ጦሮች ይፈሩታል። ክትባቱ በ18 ወር ውስጥ አምስት ጊዜ የሚወጋ ነው። ወደ አፍሪካ ለሚመጣ ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ይጨመራል። ለተራው ወባ የሚዋጥ ክኒን አለ፤ የደንብ ልብሱም ትንኝ የሚያባርር መድኃኒት ይነከራል። ልጁ ሕፃን ሳለ ሸዋ ሮቢት አጎቱ ዘንድ ሰንብቶ ወባ ይዞት ተመልሶ ነበር። ክኒኑን ሳይዘል የዋጠው ከክፍሉ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለት ነገሮች ግን ገርመውኛል። አንደኛው ደም ይወሰድና ለዘረ መል መለያ ይቀመጣል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ገባኝ። ሁለተኛው የኮምፒውተር ፈተና ነው። ስክሪን ላይ ምልክት ይመጣል፣ ቶሎ ትጫናለህ። ቁጥር ታስታውሳለህ። ፈተናው ጎበዝና ሰነፍ ለመለየት አይደለም። ከመሄድህ በፊት አእምሮህ በምን ፍጥነት እንደሚሠራ ይመዘገባል። ኋላ ፈንጂ አጠገብህ ከፈነዳና ጭንቅላትህ ከተነቀነቀ በዚያ መዝገብ ያነጻጽሩሃል።

ውክልና፣ ኑዛዜ፣ ብድር

ወደ ሕግ ሰዎቹ ጠረጴዛ እንሂድ። ቤተሰብን በጣም የሚነካው ይህኛው ነው።

መጀመሪያ የሕይወት ዋስትና። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2023 ጀምሮ ጣሪያው 500 ሺህ ዶላር ነው። ሰውየው ለማን እንደሚከፈል በስም ይጽፋል። ከዚህ ሌላ በግዳጅ ላይ ለሞተ ወታደር ቤተሰብ 100 ሺህ ዶላር ቶሎ ይሰጣል። ለአክስቴ ይህን የነገራቸው አንድ ቀልደኛ ዘመድ ነበር፤ አይነገርም ነበር። «የልጄን ዋጋ ጻፉበት በለኛ!» ብለው ያን ቀን እህል አልቀመሱም። እዚያ አገር ዋስትና ሁሉም ሰው የሚፈርመው ተራ ወረቀት መሆኑን ለማስረዳት ሦስት ስኒ ቡና ፈጅቶብኛል።

ቀጥሎ ኑዛዜና ውክልና። ሁለቱንም የጦሩ ጠበቆች በነጻ ያዘጋጃሉ። ውክልና ጠቅላላም ልዩም ይሆናል። ምክሬን ልስጥ፦ መኪና ለመሸጥ የመኪናዋን ብቻ፣ ባንክ ለማንቀሳቀስ የባንኩን ብቻ መስጠት ይሻላል። ጠቅላላ ውክልና ሰጥቶ ሄዶ ባዶ ቤት ያገኘ ሰው እዚያም እዚህም አለ።

የኛን ልጅ የጎዳው ግን ሌላ ነገር ነው። ጦሩ ያዘጋጀለት ውክልና እዚያ አገር እንጂ እዚህ አይሠራም። ለደብረ ብርሃኑ ቦታው ጉዳይ የሚሆን ውክልና በኤምባሲ በኩል ተረጋግጦ መምጣት ነበረበት። በግርግሩ ረሳው። እኔ ያለ ወረቀት አንድ ቢሮ ሄጄ ስለ ወንድማማችነት ስናገር ዋልኩ። ባለሙያው በትዕግሥት ሰማኝና «ውክልናውስ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ለዚያች አንዲት ወረቀት አምስት ቀን ተመላለስኩ፣ በየቀኑም ሌላ መስኮት ነበር የሚያሳዩኝ። እዚህ ንብረት ያለው ልጅ ካላችሁ፣ ትእዛዙ ሳይደርሰው ከወዲሁ ኤምባሲ ይሂድ።

ልጆች ላሉት ብቸኛ ወላጅ፣ ወይም ባልና ሚስት ሁለቱም ወታደር ከሆኑ፣ የቤተሰብ እንክብካቤ ዕቅድ የሚባል አለ። ልጆቹን ማን ይይዛል? በምን ገንዘብ? ተረካቢው መስማማቱን ይፈርማል። በደፈናው «ዘመድ አለ» ማለት አይሠራም። ዕቅዱ ካልተሟላ ወታደሩ አይሄድም፤ ይባስ ብሎ ከጦሩ ሊሰናበት ይችላል።

ስለ ብድርም ደግ ሕግ አላቸው። እ.ኤ.አ. የ2003ቱ ሕግ፣ ወታደሩ ከመጠራቱ በፊት የተበደረው ገንዘብ ወለድ ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ያደርጋል። ግን ራሱ መጠየቅ አለበት፤ ባንኩ ፈልጎ አይመጣለትም። የቤት ኪራይ ውልም ያለ ቅጣት ማፍረስ ይችላል። ሥራውን ደግሞ የ1994ቱ ሕግ ይጠብቅለታል። በጠቅላላው እስከ አምስት ዓመት ድረስ በግዳጅ ቢቆይ፣ ሲመለስ አሠሪው ቦታውን ይሰጠዋል። የደመወዝ እርከኑም ሥራ ላይ እንደቆየ ሰው ተቆጥሮ ነው። ይህን ለአንድ የፋብሪካ አስተዳዳሪ ወዳጄ ብነግረው «ለእኔ ሠራተኛ ዓመት ሙሉ ወንበር ልጠብቅለት?» ብሎ ሳቀ። አዎ፣ እንደዚያ ነው።

ቴክሳስ ላይ ምን ይሠራሉ?

አሁን ሩጫውና ጭቃው መጣ። ቴክሳስ ያለው ፎርት ብሊስ ተጠባባቂዎች ከሚከቱባቸው ትልልቅ የጦር ሰፈሮች አንዱ ነው። ቆይታው እንደ ግዳጁ ይለያያል፤ ከጥቂት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ገደማ ይሄዳል።

ተኩሱን በአጭሩ ልለፈው። የጠመንጃ ፈተናው 40 ኢላማ ነው። ከ50 እስከ 300 ሜትር ርቀት ላይ ብቅ ይላሉ፣ ይጠፋሉ። ለማለፍ 23 መምታት ይበቃል፤ 36 እና ከዚያ በላይ የመታ አንደኛ ደረጃ ይባላል። ልጁ 31 መታ። አክስቴ «አባቱ ቢሆን አንዷንም አይስትም ነበር» አሉ። በቡድን ሲለማመዱ መጀመሪያ ያለ ጥይት ነው፣ ቀጥሎ በባዶ ጥይት፣ መጨረሻ ላይ በእውነተኛው።

እኔን የያዘኝ የሕክምናው ነው። ሐኪም ላልሆነው ተራ ወታደር ማለቴ ነው። የመጀመሪያ እርዳታ ስንማር ትንፋሹን እይ እንባል ነበር። እነሱ ቅደም ተከተሉን ገልብጠውታል። መጀመሪያ ደም፣ ከዚያ የአየር መተላለፊያ። ምክንያቱም ጭኑ ላይ ትልቁ የደም ሥር የተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። እያንዳንዱ ወታደር ቱርኒኬት ይይዛል። ሰፋ ያለ ማሰሪያ ነው፣ አንዲት አጭር ዘንግ አለችው። ከቁስሉ በላይ፣ እግሩ ወይም ክንዱ ላይ ከፍ ተደርጎ ይታሰራል። ዘንጓ ትጠመዘዛለች። ደሙ እስኪቆም ድረስ ትጠመዘዛለች እንጂ የቆሰለው ሰው «በቃ» እስኪል አይደለም። በጣም ያማል። ከዚያ የታሰረበት ሰዓት ይጻፍበታል፣ ሐኪሙ ለምን ያህል ጊዜ ደም እንዳልደረሰው እንዲያውቅ። ልጁ በራሱ ክንድ ላይ በአንድ እጁ ማሰርን በጨለማ ሳይቀር ተለማምዷል። በቪዲዮ ሲያሳየኝ በጥርሱ ጫፉን ሳብ አድርጎ በሦስት ዙር ቆለፈው። ያቺ የታከመች ጥርስ እዚህ ጠቀመችው ብዬ ቀለድኩ።

ሌላው የተገለበጠ መኪና ነው። የወታደር መኪና አካል ብረት ዘንግ ላይ ሰክተውታል፣ ሞተር ያዞረዋል። አራት አምስት ሰው ከነሙሉ ትጥቁ ውስጥ ይታሰራል። ይዞርና ጣሪያው ታች ይሆናል። ሁሉም እንደ ሌሊት ወፍ ተንጠልጥሏል። በደመ ነፍስ የሚመጣው ቀበቶውን መፍታት ነው። ፈታህ ማለት ብረት ቆብህን ይዘህ በአንገትህ ወረድክ ማለት ነው። መጀመሪያ አንዱን እጅ ጣሪያው ላይ መደገፍ፣ እግርን ማስተካከል፣ ከዚያ መፍታት። ከዚያም በየትኛው በር እንደሚወጣ በጨለማ መፈለግ። ልጁ «ጣርማ በር ላይ በጉም የሄድኩባቸውን ሚኒባሶች አስታወሰኝ፤ ቀበቶ እንኳ አልነበራቸውም» አለኝ።

ከዚያ ሕጉ አለ። መቼ ይተኮሳል? መቼ አይተኮስም? የጦሩ ጠበቃ ቁጭ አድርጎ ያስተምራል። ጊዜ ካለ በድምፅ ማስጠንቀቅ ይቀድማል፣ መሣሪያ ማሳየት ይከተላል። ራስን የመከላከል መብት ግን ሁልጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. ስለ 1949ኙ የጄኔቫ ስምምነቶችም ይማራሉ፤ ስለ ምርኮኛ፣ ስለ ቁስለኛ፣ ስለ ሲቪል። የኛዎቹ ሰላም አስከባሪዎችም ከዚህ አያመልጡም። የተባበሩት መንግሥታት ከስምሪት በፊት የሚያስገድደው ሥልጠና አለው፤ ሲቪሎችን ስለ መጠበቅና ከነዋሪው ሴቶች ጋር ስለሚከለከለው ሁሉ። አብዬ ዘምቶ የተመለሰ ጎረቤት ካላችሁ ጠይቁት።

ጅቡቲ

የሄደው የት ነው? ጅቡቲ! እዚህ አፍንጫችን ሥር። ካምፕ ሌሞኒዬ የሚባለው የአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር ከአምቡሊ አየር ማረፊያ ጎን ነው። ቀድሞ የፈረንሳይ የውጭ ሌጌዎን፣ ማለትም የውጭ ዜጎች የሚቀጠሩበት ጦሯ፣ ይኖርበት ነበር።

ስለ አካባቢው ባህል ሲያስተምሯቸው ልጁ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። አሠልጣኙ ካርታ ዘርግቶ ስለ አፋሮች ያስረዳል። ልጁ ያደገው አንኮበር ጫፍ ላይ ቆሞ ያንን የአፋር ቆላ ቁልቁል እያየ ነው። አያቱ ከአፋር ነጋዴ ጨው ይገዙ ነበር። ያ መንገድ ራሱ የድሮ ነው። ከታጁራ ተነሥቶ በአፋር በረሃ አልፎ አንኮበር የሚደርስ። እንግሊዛዊው መልእክተኛ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው በእሱ ነው። ታጁራ ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ ናት። አሠልጣኙ «ጥያቄ ያለው?» ሲል ልጁ ዝም አለ። «ምን ብዬ ልጠይቅ? ጎረቤቶቼን?» አለኝ።

ሙቀቱ ግን አዲስ ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ በሰኔም ጋቢ ይለበሳል። ጅቡቲ በሙቀት ወራቷ ከ40 ዲግሪ በላይ ትወጣለች። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ላቡ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፣ ጨውም ይቆጥባል። ስለዚህ ሥራው ቀስ በቀስ ነው የሚጨመረው። ጥይት የማይበሳው ሰደርያ፣ ብረት ቆብ፣ ውኃ፣ ጥይት ተሸክሞ በዚያ ሙቀት መቆም በልምምድ እንጂ በወኔ አይሆንም። ቴክሳስ በረሃ ላይ መከተታቸው ለዚህም ሳይጠቅም አልቀረ።

ልጁ ጅቡቲ ሲደርስ ስለ ቃኘው ሻለቃ አነሣልኝ። የመጀመሪያው ቃኘው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ በአሜሪካ መርከብ ወደ ኮሪያ ሄደ። እነሱም ፑሳን እንደደረሱ በቀጥታ ግንባር አልገቡም፤ በአሜሪካ መሣሪያ ሳምንታት ተለማምደዋል። «እነሱ በወጡበት በር ነው እኔ የገባሁት» አለ።

ለመጀመሪያ ጊዜ እናትና ልጅ ሰዓታቸው አንድ ሆነ። ማታ ሁለት ሰዓት ሲደውል እሱም ዘንድ ማታ ሁለት ሰዓት ነው። አክስቴ ጭኮ አዘጋጅተው «የጅቡቲ ሹፌር ሞልቷል፣ ልላክለት» አሉ። ከዚያ «ለምን አንድ ቀን ብቅ አይልም?» አሉ። አይችልም። ወታደር ያለ ፈቃድ ከሰፈሩ ወጥቶ ድንበር አይሻገርም። የትውልድ አገሩ ነው ብሎ የሚያልፈው ዘብ የለም። ጭኮውን እኔ በላሁት።

አንድ ነገር ግን ስለ ራሳችን ልናገር። ቤተሰቡ የሚሄድበትን ቀን፣ አውሮፕላኑን፣ የሰዎቹን ቁጥር እንዳያወራ ይነገረዋል። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ይህን የሚያሳብቅ ፎቶ እንዳይለጥፍም ይመከራል። እኛ አልለጠፍንም። ግን አክስቴ ለማርያም ማኅበራቸው ነገሩ፤ «ለጸሎት ነው» ብለው። በሦስት ቀን ዳቦ ቤት ያለው ልጅ ሳይቀር «ጅቡቲ ገባ አይደል?» ሲለኝ ላቤ ወረደ። ስለዚህ ልጃችሁ ቀኑን ቢደብቃችሁ አትቀየሙት።

ሲመለስ በገባበት መንገድ ነው የሚወጣው። እንደገና አዳራሽ፣ እንደገና ጠረጴዛ፣ እንደገና ሐኪም። አንዳንዱ የወባ ክኒን ከተመለሱ በኋላም አራት ሳምንት ይዋጣል። ከ180 ቀን በላይ ያገለገለ ሰው ወደ ሥራው እንዲመለስ ለማመልከት 90 ቀን አለው። የኛው ልጅ በሠላሳኛው ቀን አውቶቡሱ ላይ ነበር።

ያ ፎርም በየዓመቱ ይታደሳል። ስሜ አሁንም ሳጥኗ ውስጥ አለ፣ አክስቴ ይህን አያውቁም። ባለፈው ወር የስልክ ቁጥሬን ስቀይር፣ ለሚስቴ እንኳ ሳልነግር መጀመሪያ የደወልኩት ለእሱ ነው።